ቅዱስ ሙሴ ጸሊም፦ ከነሙሉ ታሪኩ ያረጀ አባት

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል በኮልፌ ቀራንዮ በሚገኙት መንደሮቻችን በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የተገኘ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ልማድ አለ። አስከሬኑ ወደ መቃብር ከመውረዱ በፊት ከቤተ ሰቡ ወይም ከዕድሩ አባላት አንዱ ወረቀት ዘርግቶ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያነባል። የት እንደ ተወለደ፣ የት እንደ ተማረ፣ በየትኛው መሥሪያ ቤት ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ ስንት ልጆችና የልጅ ልጆች እንዳፈራ ይነገራል፤ ለሰው አዛኝ፣ ለተቸገረ ደራሽ እንደ ነበረም ይመሰከራል። ሟችን በክብር መሸኘት መልካም ወግ ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም። ዳሩ ግን በዚያ ወረቀት ላይ ሟቹ ስለ ሠራው ስሕተት አንድም ቃል ተጽፎ አይገኝም።

ታሪኩ በሚነበብበት ሰዓት ከዘራቸውን ተደግፈው ከሚያዳምጡት አረጋውያን መካከል ብዙዎቹ፣ ነገ ስለ እነርሱም እንዲሁ ያለ ወረቀት እንደሚነበብ ያውቃሉ። በወረቀቱ ላይ የማይጻፈውን የሕይወታቸውን ክፍል ግን ብቻቸውን ይዘውት ይኖራሉ። አንዱ በወጣትነቱ ጥሎት የሄደውን ልጅ ያስባል። ሌላው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን በጎረቤቱ ላይ የተናገረውን፣ ወይም ሊናገር ሲገባው ዝም ያለውን ያስታውሳል። ሌላዪቱ ደግሞ ከእኅቷ ጋር በውርስ ተጣልታ ሳይታረቁ እኅቷ የሞተችባት ናት። በኑዛዜ የሚነገረው የታተመ ምሥጢር ስለ ሆነ ስለ እርሱ አንናገርም። ነገር ግን ከኑዛዜ ውጭም ቢሆን፣ ሕሙማንንና አረጋውያንን ለመጠየቅ በየቤቱ ስንገባ፣ ቡናው ተፈልቶ ሌላው ሰው ወጣ ሲል፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ያለፈውን ዘመን ከነጥፋቱ ይዞ እንዴት በሰላም ማርጀት ይቻላል የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ትምህርት ሊሰጥ ይቻላል። እኛ ግን ዛሬ ከትምህርት ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት ይሻላል ብለን የቅዱስ ሙሴ ጸሊምን ታሪክ ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን። ይህ አባት በግብጽ በረሃ የኖረ ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ በስንክሳራችን ሰኔ 24 ቀን ይታሰባል። በዚያ ዘመን ጸሐፊዎች ኢትዮጵያዊ የሚለውን ስም ከግብጽ በስተ ደቡብ ለሚኖሩት ጥቋቁር ሕዝቦች ሁሉ ይሰጡት ነበር። ጸሊም የሚለው የግእዝ ቃልም ጥቁር ማለት ነው።

የሙሴን ሕይወት ከጻፉልን ቀደምት ሰዎች አንዱ፣ በግብጽ ገዳማት የኖረውና በኋላ ጳጳስ የሆነው ጳላድዮስ ነው፤ መጽሐፉንም እ.ኤ.አ. በ420 ገደማ ጻፈ። ጳላድዮስ የቅዱሱን ታሪክ ሲጀምር የወጣትነቱን ክፋት አልዘለለም። እንዲያውም የመመለሱ ታላቅነት እንዲታወቅ አስቀድሞ ጥፋቱን መናገር እንደሚገባ ገልጾ ነው ወደ ነገሩ የገባው። በቀብራችን ላይ ከሚነበበው ወረቀት የሚለየው በዚህ ነው።

እንደ ጳላድዮስ አጻጻፍ፣ ሙሴ በመጀመሪያ የአንድ ባለ ሥልጣን አገልጋይ ነበረ። ጌታው በስርቆቱና በጠባዩ ተማርሮ ከቤቱ አባረረው። እስከ ነፍስ ግድያ ደርሶ ነበር የሚሉም ነበሩ። ከዚያም በኋላ የሽፍቶች አለቃ ሆነ። አካሉ ግዙፍ፣ ጉልበቱም ለብቻው የሚነገርለት ስለ ነበረ መንገደኞች ስሙን ሲሰሙ ይንቀጠቀጡ ነበር። አንድ ጊዜ ውሾቹ በሌሊት እየጮኹ ሥራውን ባሰናከሉበት እረኛ ላይ ቂም ያዘ። እረኛው ከዓባይ ወንዝ ማዶ ነበረ፤ ወንዙም ሞልቶ ነበር። ሙሴ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ልብሱን በራሱ ላይ አስሮ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው ራሱን በአሸዋ ውስጥ ቀብሮ አመለጠው። ሙሴም አራት ምርጥ በጎች አርዶ በገመድ አስሮ እየጎተተ እንደገና ዋኝቶ ተመለሰ፤ ሥጋውን በላ፤ ቆዳውንም ሸጦ ወይን ጠጅ ጠጣበት። እንዲህ ያለው ነው እንግዲህ ዛሬ ቅዱስ ብለን የምንጠራው ሰው።

ከዚህ ሕይወት በኋላ ልቡ ተነክቶ አስቄጥስ ወደሚባለው ገዳም፣ ዛሬ ዋዲ ናጥሩን ወደሚባለው የግብጽ በረሃ ሄደ። በዚያም ካህኑን አባ ኤስድሮስን አገኘ። ስንክሳራችን እንደሚተርከው፣ ሙሴ እውነተኛውን አምላክ ለማወቅ ይናፍቅ ስለ ነበረ ወደ እነዚያ መነኮሳት ሄዶ እንዲጠይቅ ተነገረው። ኤስድሮስም ወደ ታላቁ አባ መቃርስ አቀረበው፤ በዚያም ትምህርተ ክርስቶስን ተምሮ ተጠመቀ፤ ኋላም መነኮሰ።

ብዙ ጊዜ የቅዱሳንን ገድል ስንተርክ ነገሩን በዚህ ላይ እናቆመዋለን፤ ኃጢአተኛው ተመለሰ፣ አሮጌው ሰው ሞተ ብለን እናበቃለን። የሙሴ ታሪክ ግን ከዚህ በኋላ ነው የሚከብደው። ሽፍትነቱን ቢተውም ሽፍትነቱ ሌሊት ሌሊት እየመጣ ይጎበኘው ነበር። የቀድሞ ኑሮው፣ መብሉ፣ መጠጡና ዝሙቱ በሕልሙ እየተመላለሱ ዕረፍት ነሡት። ተስፋ ለመቁረጥም ተቃርቦ ነበር። አንድ ቀን ወደ ኤስድሮስ ሄዶ ወደ በኣቱ ለመመለስ እንደማይችል ነገረው። ኤስድሮስ አልገሠጸውም፤ በሰገነቱ ላይ አወጣውና በመጀመሪያ ወደ ምዕራብ እንዲመለከት አደረገው። ሙሴም እጅግ ብዙ አጋንንት ለጦርነት ሲታወኩ አየ። ቀጥሎም ወደ ምሥራቅ ሲመለከት ቍጥር የሌላቸውን ቅዱሳን መላእክት አየ። ሽማግሌው አባት ከሙሴ ጋር ያሉት ከሚቃወሙት እንደሚበልጡ አስረዳው፤ ሙሴም ተጽናንቶ ወደ በኣቱ ተመለሰ። ኤስድሮስ የምዕራቡን ወገን እንዳላሸሸገው ልብ እንበል። መጀመሪያ ያንን አሳየው፤ ነገር ግን ፊቱን በዚያ ብቻ ላይ እንዲያኖር አልተወውም።

ሙሴ ሕልሙን ለማሸነፍ በገዛ ጉልበቱ ታገለ። ለብዙ ዓመታት ሌሊቱን ቆሞ በመጸለይ አሳለፈ፤ ምግቡንም እጅግ ቀነሰ። ይህም አልበቃ ሲለው፣ በሌሊት እየተነሣ ውኃ ለመቅዳት አቅም ወዳጡት አረጋውያን መነኮሳት በኣት እየዞረ ማድጋቸውን ይሞላላቸው ጀመር። የውኃው ጉድጓድ ከአንዳንዶቹ በኣት ብዙ ምዕራፍ ይርቅ ነበር። ከእነዚያ ሌሊቶች በአንዱ በጉድጓዱ አፍ ላይ ሳለ ወገቡን በዱላ የተመታ ያህል ተመትቶ እንደ በድን ወደቀ። በማግሥቱ ውኃ ሊቀዳ የመጣ ወንድም አገኘው፤ ተሸክመውም ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት። ኃይሉ እስኪመለስለት ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ ታመመ።

ያን ጊዜ ነው ኤስድሮስ ከሁሉ የሚበልጠውን ትምህርት የሰጠው። በጀግንነትም ቢሆን ልክ እንዳለ ነግሮ ከአጋንንት ጋር የሚያደርገውን ግብግብ እንዲተው አዘዘው። ሕልሞቹ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም እንደ ተወገዱለት፣ ወደ ቅዱስ ቍርባንም በድፍረት እንዲቀርብ ነገረው። ይህ ሁሉ የደረሰበትም ያለፈውን ሕይወቱን በገዛ ተጋድሎው እንዳሸነፈ ቈጥሮ እንዳይታበይ መሆኑን አስገነዘበው። ሙሴም ታዘዘ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኤስድሮስ ሲጠይቀው ዕረፍት አግኝቶ ነበር። ያለፈው ዘመኑ አልተሠረዘም፤ ነገር ግን ራሱን በመቅጣት የሚከፍለው ዕዳ መሆኑ ቀረ። በእርጅናቸው ያንኑ የተናዘዙትን ኃጢአት ደጋግመው እያነሡ ይቅርታውን ለማመን የሚቸገሩ ወገኖቻችን ይህን ክፍል በጥሞና እንዲያስቡት እንመክራለን።

ከዚህ በኋላ በሙሴ ሕይወት የምናየው፣ የቀድሞ ታሪኩ በእግዚአብሔር እጅ ለሌሎች ሲጠቅም ነው። አራት ወንበዴዎች ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ በበኣቱ ገቡበት። ሙሴ አራቱንም አስሮ እንደ ገለባ ጆንያ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን አመጣቸውና፣ እርሱ ማንንም ሊጐዳ የማይገባው ስለ ሆነ ምን እንዲያደርጋቸው እንደሚፈቅዱ አባቶችን ጠየቀ። ወንበዴዎቹ የቀድሞው የሽፍቶች አለቃ ሙሴ መሆኑን ባወቁ ጊዜ እነርሱም ዓለምን ትተው መነኮሱ። ያ በጎች የጐተተው ጉልበት አልጠፋም፤ ሥራው ተለወጠ። ስሙም ባይታወቅ ኖሮ፣ ታሪኩንም ደብቆ ቢሆን ኖሮ፣ እነዚያ አራት ሰዎች ባልተመለሱም ነበር።

በሌላ ጊዜ አንድ ወንድም በአስቄጥስ ጥፋት ሠርቶ ተገኘና ጉባኤ ተሰበሰበ። ሙሴ ተጠርቶ አልሄድም አለ። ዳግመኛ በተላከበት ጊዜ ተነሣና፣ የምታፈስ ማድጋ ውኃ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ ወደ ጉባኤው መጣ። አባቶች ሊቀበሉት ወጥተው ምን ማለቱ እንደ ሆነ ጠየቁት። ኃጢአቱ በስተኋላው እየፈሰሰ እርሱ ሳያየው፣ በሌላው ሰው ስሕተት ላይ ለመፍረድ መምጣቱን ገለጸላቸው። ከዚያም በኋላ በዚያ ወንድም ላይ ማንም ምንም አልተናገረም፤ ይቅርታም ተደረገለት። ሙሴ ለስሕተቱ ሰበብ አልፈለገም፤ በፊቱ ግን አልሰገደም፤ ተሸክሞት መጣ እንጂ። መሸከሙም አንድን የወደቀ ወንድም አዳነ።

ቅስና ለመቀበል በበቃ ጊዜም ፈተና አልቀረለትም። ነጭ ልብስ በለበሰ ጊዜ ሊቀ ጳጳሱ ፍጹም ነጭ እንደ ሆነ ነገረው፤ ሙሴም በውስጥም እንዲሁ ይሆን ዘንድ ምኞቱን ገለጸ። ከዚያም ሊቀ ጳጳሱ ሊፈትነው ፈልጎ፣ ወደ መቅደስ ሲገባ ካህናቱ የቆዳውን ጥቁረት እያነሡ እንዲያባርሩት አደረገ። ሙሴም ራሱን እየወቀሰ በጸጥታ ወጣ። በሌላ ጉባኤም እንዲሁ ተዘልፎ ዝም አለ፤ በኋላ ግን ልቡ ታውኮ እንደ ነበረና ዝምታን እንደ መረጠ አልሸሸገም። የቆዳ ቀለም ነውር አይደለም፤ በዚያ የሰደቡት ሰዎች ነውሩ የእነርሱ ነበረ። ለእኛ ትምህርት የሚሆነን ሙሴ ስድቡን መቀበሉ ሳይሆን፣ ስለ ልቡ መታወክ እውነቱን መናገሩ ነው። ሰላም ያገኘ ሰው የማይሰማው ሰው አይደለም።

ሙሴ 75 ዓመት ያህል ኖረ፤ 70 ደቀ መዛሙርትም እንዳፈራ ጳላድዮስ ጽፏል። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የበረሃ ዘላኖች አስቄጥስን እንደሚወርሩ ወሬ ደረሰ። ሙሴ ወንድሞችን እንዲሸሹ መከራቸው፤ እርሱ ግን ለመቅረት ወሰነ። ምክንያቱን ሲጠይቁት፣ ሰይፍን ስለሚያነሡ ሰዎች ጌታ የተናገረው ቃል በእርሱ ላይ እንዲፈጸም ይህን ቀን ለብዙ ዓመታት ሲጠብቅ መኖሩን አስረዳቸው። በሰይፍ የኖረው ሰው ሰይፍ ሳይዝ በሰይፍ ሞተ። ሰባት ወንድሞች ከእርሱ ጋር ነበሩ፤ አንዱ በገመድ ክምር ሥር ተሸሽጎ ሳለ ሰባት አክሊላት ከሰማይ ሲወርዱ ማየቱ ይተረካል። አጽሙም በዋዲ ናጥሩን በበረሙስ ገዳም ከመምህሩ ከኤስድሮስ አጽም ጋር በክብር ተጠብቆ ይገኛል።

ይህን የመጨረሻ ክፍል አንዳንዶች በስሕተት እንዳይረዱት እንሰጋለን። ሙሴ ሞትን የፈለገው ራሱን ስለ ጠላ አልነበረም፤ ያም ቢሆን ኖሮ ሌሎቹን ሽሹ አይላቸውም ነበር። ለእኛም ራስን ለጥፋት መስጠትን አያስተምርም። የሚያስተምረን፣ በ75 ዓመቱም የሃያ ዓመቱን ሰው አለመካዱን ነው። ያ ሽፍታ እኔ አልነበርሁም አላለም፤ ያ ሽፍታ ብቻ ነኝም አላለም።

በዚያው ዘመን ሌላ አፍሪካዊ አባት በዕድሜው መጨረሻ ይህንኑ መንገድ ሄዷል። ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው አገር እ.ኤ.አ. በ354 የተወለደው ቅዱስ አጎስጢኖስ፣ የወጣትነት ጥፋቱን በኑዛዜው መጽሐፍ በገሃድ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ426 እና በ427 ደግሞ፣ ከ70 ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ እስከዚያ ድረስ የደረሳቸውን 93 ድርሰቶች አንድ በአንድ አንሥቶ የተሳሳተበትን በገዛ እጁ አረመ። መጽሐፎቹን አላቃጠለም፤ ስሕተቱንም እንዳልነበረ አላደረገም። ሊሞት ሲቃረብ የንስሐ መዝሙራትን በአልጋው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ አስጽፎ እያነበበ ያለቅስ ነበር። እንደ ሙሴ በ75 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 430 ዐረፈ። ግሪኮችም ሙሴ ጸሊምን የሚያስቡት በዚያው ዕለት መሆኑ ደስ የሚያሰኝ መገጣጠም ነው።

ከእነዚህ አባቶች ሕይወት ለምእመናኖቻችን የሚሆን ምን እንወስዳለን? በመጀመሪያ፣ ያልተናዘዝነው ካለ ሳይመሽ ወደ ምሥጢረ ንስሐ እንቅረብ፤ የተናዘዝነውንም ይቅር እንደ ተባለ እንመን። ሁለተኛ፣ ሊካስ የሚችል ነገር ካለ እንካስ። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል የገባው ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ነበር። የተጣላነው እኅት በሕይወት ካለች ዛሬ ሽማግሌ እንላክ፤ የጣልነው ልጅ ካለ ይቅርታ ለመጠየቅ እንፈልገው። የተበደለው ሰው ወዲያው እንዲቀበለን ግን ልናስገድደው አይገባም፤ የእርሱም ቁስል የራሱ ጊዜ ያስፈልገዋል። ሁሉን ነገር ለሁሉ ሰው መንገርም አስፈላጊ አይደለም፤ ሙሴም መጀመሪያ የተናገረው ለአንድ አስተዋይ አባት ነው። ሦስተኛ፣ የምታፈሰዋን ማድጋ እናስብ። በገዛ ሕይወቱ ውድቀትን ያወቀ ሽማግሌ፣ የልጅ ልጁ ሲሳሳት ከሁሉ ቀድሞ የሚራራ ሊሆን ይገባዋል።

ለካቴኪስቶችም አንድ አሳብ አለን። ለሕፃናትና ለወጣቶች የቅዱሳንን ሕይወት ስታስተምሩ የወደቁበትን ክፍል አትዝለሉት። ያለ ስሕተት የተወለደ የሚመስለው ቅዱስ ልጆቹን ያስደንቃቸው ይሆናል፤ በወደቁ ቀን ግን አይረዳቸውም። እንዲሁም በየመንደሩ ያሉትን አረጋውያን ስትጎበኙ ጊዜ ሰጥታችሁ አዳምጧቸው። እንዲናገሩ አትጫኗቸው፤ መናገር ከጀመሩ ግን ነገሩን ለማሳጠር አትቸኩሉ።

የምንኖርበት ክፍለ ከተማ ስም ቀራንዮ መባሉን ስንቶቻችን እናስብ ይሆን? ታክሲ ስንሳፈር፣ አድራሻችንን ስንጽፍ፣ ጌታ የተሰቀለበትን ኮረብታ ስም በየዕለቱ እንጠራለን። በዚያ ኮረብታ ላይ ከጌታ በስተ ቀኝ የተሰቀለ አንድ ወንበዴ ነበረ። የሠራውን አልካደም፤ ቅጣቱም የሚገባው መሆኑን ተናገረ፤ ነገር ግን በዚያ ላይ አልቀረም፤ ፊቱን ወደ ጌታ መልሶ እንዲያስበው ለመነው። ለእርሱ የቀሩት ጥቂት ሰዓታት ነበሩ፤ ለሙሴ ብዙ ዓመታት ተሰጡት። ለእኛ ስንት እንደ ቀረን አናውቅም።

አንድ ቀን በድንኳኑ ሥር ወይም በመቃብሩ አፋፍ የእያንዳንዳችን የሕይወት ታሪክ ይነበባል። የሚጽፉት ልጆቻችን መልካሙን ብቻ ቢመርጡ በፍቅር ነውና አንወቅሳቸውም። ያ ቀን ከመድረሱ በፊት ግን ሙሉውን ታሪካችንን፣ አንድም ገጽ ሳንቀድ፣ እኛው ራሳችን በእግዚአብሔር ፊት እናንብበው። እርሱ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ አውቆም አልተወንም። የቅዱስ ሙሴ ጸሊም ጸሎት በእርጅና ካሉት አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ ከሁላችንም ጋር ይሁን። አሜን።